ደለሉ ውስጥ የተኛው እርሳስ

ጋሽ ሰይድ የባትሪ ማጠቢያቸውን የዘጉት በቢሊሴ ቃል ነው። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ባለው ጋራዣቸው ያረጀ የመኪና ባትሪ እየፈቱ፣ ውስጡን እያጠቡ፣ እጣቢውን በቱቦ በአጠገቡ ወደሚያልፈው ወንዝ ሲለቁ ዓመታት አልፈዋል። ቢሊሴ ደግሞ በወንዝና በግድብ ውኃ ውስጥ ያሉ ከባድ ብረቶችን የምትለካ፣ ወደፊት ምን ያህል እንደሚሆኑም የምትተነብይ ባለሙያ ናት። ወንዙ ውስጥ ያገኘችውን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት ተከትላ ሽቅብ ስትወጣ በራቸው ላይ ደረሰች። አልተቆጧትም። «ከታች በዚህ ውኃ ጎመን የሚያጠጡ አሉ» ስትላቸው ሳምንት ሳይሞላ ቱቦውን በሲሚንቶ ደፈኑት። ከዚያ በኋላ ባትሪ ቻርጅ ማድረግና መሸጥ ብቻ ሆነ ሥራቸው።

ናሙና ልትቀዳ በመጣች ቁጥር ድልድዩ ላይ ያገኟታል።

«እህ፣ ወረደ?»

«ትንሽ ወርዷል፣ ጋሼ።»

ይኼን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል።

ክረምቱ ገባ። ከመጀመሪያው ጎርፍ በኋላ የቀዳችው ናሙና ሲመረመር፣ እርሳሱ ጋሽ ሰይድ ባትሪ ያጥቡ በነበረበት ጊዜ ከነበረው በልጦ ተገኘ። ቢሊሴ ማሽኑን ጠርጥራ አስደገመችው። ያው ነው። ወንዙ ለዓመታት ደለሉ ውስጥ ያከማቸውን ጎርፉ በጥብጦ አውጥቶታል። የእሷ የትንበያ ሞዴል ግን ይወርዳል ብሎ ነበር፤ ደለሉን አልቆጠረውም።

ሌላ ሰው ልላክ ይሆን ብላ አመነታች። በመጨረሻ ራሷ ወደ ድልድዩ ሄደች።

«ጨምሯል» አለቻቸው። «ከበፊቱም በላይ።»

«ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ሠራተኞቼን አሰናብቼ!»

«ከታች ተኝቶ የነበረው ነው የተነሣው፣ ጋሼ። ለመጥራት ብዙ ዓመት ይፈጃል። አስቀድሜ ልነግርዎት ይገባ ነበር።»

ጋሽ ሰይድ ቡናማው ውኃ የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ ሲያልፍ ቆመው አዩ። «ባልተወውስ ኖሮ?» አሉ።

ቢሊሴ ይህን ራሷንም ጠይቃ አታውቅም። ቢሮ ገብታ ሞዴሉን ደለሉን ጨምራ እንደገና ሠራችው፤ አንዴ ቱቦው ተደፍኖ፣ አንዴ ክፍት እንደሆነ አድርጋ። ከዚያ ላፕቶፗን ይዛ ጋራዣቸው ሄደች። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ በየክረምቱ እየዘለለም ቢሆን ቀስ እያለ ይወርዳል። ሌላው ሽቅብ ይሄዳል።

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። «የታችኛው ነው የኔ?»

«የእርስዎ ነው።»

«ሲወርድ ግን ቀርፋፋ ነው።»

«አዎ።»

«ጎመኑስ?»

«ጎርፍ የገባበትን እንዳይሸጡ ለአትክልተኞቹ ነግሬያቸዋለሁ። ደሪቱ የምትባል አንዷ ብቻ ነቅላ ጣለች።»

ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወሎ ሰፈር እንደኔ የሚያጥቡ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ላናግራቸው፤ አንቺ መስመሩን አሳያቸው። መጀመሪያ እንደሚጨምርም እንዳትደብቂ።»

«አልደብቅም።»

ታክሲ ይዘው አብረው ሄዱ። የመጀመሪያው ሰውዬ ሳቀባቸው። ሁለተኛው ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወንበር ሳበላቸው።