የቅጂው ፍጥነት

በሆስፒታሉ ያው የራጅ ምስሎች በሁለት ቅጂ ከሚቀመጡባቸው ሁለት ዲስኮች አንዱ ተበላሸ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ አዲስ ተክታ ምስሎቹን ከተረፈው ታስገለብጥ ጀመረች። የተረፈውም አርጅቶ ሲጥ ሲጥ ስለሚል፣ ሳይጨርስ እንዳይሞትባት ፈርታ የቅጂውን ፍጥነት እስከ ጥጉ ከፍ አደረገችው።

ወዲያው ነርስ የሆነችው እህቷ ከቀዶ ጥገና ክፍል ደወለች።

«እታለም፣ ምስሉ አልከፈት አለ እኮ! ሐኪሙ በሽተኛውን አስተኝቶ እየጠበቀ ነው።»

«ዲስኩ በቅጂው ተጠምዶ ነው። ፍጥነቱን ከቀነስኩት ደግሞ ሳይጨርስ ቢሞት የስንቱ ሰው ምስል ይጠፋል!»

«ይሄ ሰውዬ ግን አሁን ነው የሚሞተው!»

ባለሙያዋ ፍጥነቱን ቀነሰችው። ምስሉ ተከፈተ። ቀዶ ጥገናው ሳያልቅ ግን አሮጌው ዲስክ ጸጥ አለ፤ ያልተገለበጠው ሁሉ ጠፋ።

እህቷ ወርዳ «ሰውዬው ተረፈ» ብላ አቀፈቻት።

«እሰየው» አለች ባለሙያዋ እንባዋ እየመጣ። «ነገ ምስሌን ብሎ ለሚመጣውስ ምን ልበለው?»