ሀሲባ ሐይቅ የገባች ለት

ሀሲባ ዋና የተማረችው በአርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ወሎ ባደገችበት መንደር ወንዙ በበጋ ከጉልበት አያልፍም፤ ክረምት ሲሞላ ደግሞ ማንም አይጠጋውም። ሚኒሶታ ከመጣች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗት፣ ያን ሁሉ ሐይቅ በመኪና አልፋው ሄደች እንጂ እግሯን እንኳ ነክራ አታውቅም። ውሃ ያስገባት የልጇ ነገር ነው።

ልጇ ኡሙሃኒ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብ ለዲሴምበር እረፍት ሜክሲኮ ወዳለች አንዲት ሞቃት ደሴት ሊሄድና ባሕር ሥር ገብቶ ኮራል የተባለውን ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ ሊያይ አቀደ። አባቷ ነጅሙዲን ግን፣ "ልጄን ከማላውቀው ሰው ጋር ባሕር ሥር አልልክም" ብሎ ቁርጡን ነገራት። ኡሙሃኒ ክፍሏን ዘግታ ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን ሀሲባ ፍሪድሊ ካለው የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ከሥራ ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "እኔ አብሬያት እገባለሁ" አለች።

ነጅሙዲን ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

የሰመሩን ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ክሪስታል ከተማ ወዳለው መዋኛ ገንዳ ድራይቭ እያደረገች መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎም ከኡሙሃኒ ጋር በጀርባ በሚታዘል የአየር ሲሊንደር ውሃ ሥር መተንፈስ ተማረች። የቀረው ባሕር ለመግባት ፈቃድ የሚያሰጣቸው የሐይቅ ፈተና ነበር። በ2006 በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከሚውለው የሌበር ደይ በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እናትና ልጅ ከሴንት ፖል ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ነድተው አንድ ጥልቅ ሐይቅ ዳር ደረሱ። ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን የላስቲክ ልብስ ለበሱ። ኡሙሃኒ የላስቲኩን ቆብ ለእናቷ እያጠለቀችላት፣ "ማም፣ ይሄ እኮ ሂጃብ ነው!" ብላ በእንግሊዝኛ ቀለደች።

ፈተናው ሃያ ጫማ፣ ስድስት ሜትር ያህል ወርዶ፣ የዓይን ማስክን ውሃው ውስጥ አውልቆ መልሶ ማጥለቅና የገባውን ውሃ በአፍንጫ ነፍቶ ማስወጣት ነው። ሀሲባ በመዋኛው ገንዳ ብዙ ጊዜ አድርጋዋለች። የገንዳው ውሃ ግን ለብ ያለ ነበር። እዚህ ማስኩን ስታወልቅ ቅዝቃዜው ፊቷን በጥፊ እንደ መታት ሆነና ሳታስበው በአፍንጫዋ ሳበች። ውሃው ጉሮሮዋ ገባ። ሁሉን ነገር ረስታ ወደ ላይ ስትሸሽ አሰልጣኙ፣ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፣ ልብሷን ጨምድዶ ይዞ ቀስ አድርጎ አወጣት።

"አይዞሽ፤ ለመጪው ግንቦት ሌላ ክፍል አለ" አላት፣ ሳሏ ጋብ ሲል።

"ጉዞው ዲሴምበር ነው።"

"አውቃለሁ። ግን በግድ አይሆንም።"

"ትንሽ ጊዜ ስጠኝ" አለችው ሀሲባ።

ሌሎቹ ምሳቸውን ሲበሉ እሷ ጉልበቷ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተንበረከከች። መተንፈሻውን ነክሳ፣ ያለ ማስክ ፊቷን ውሃው ውስጥ ደፋች። በአፏ ብቻ መሳብ። አልሆነላትም፤ ቀና አለች። እንደገና ደፋች። ዳር ላይ ሥጋ የሚጠብሱ ቤተሰቦች ምን ነካት ብለው ቆመው አዩዋት። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ትንፋሿ ግን ልክ ገባ።

እንደገና ሲወርዱ ኡሙሃኒ ከጎኗ ነበረች። ገና በመውረድ ላይ ሳሉ የልጅቱ መተንፈሻ ተበላሸና አየሩ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይንፎለፎል ጀመር። አረፋው ፊቷን ሸፈነው፤ በማስኩ ውስጥ ዓይኖቿ ፈጠጡ። አሰልጣኙ ከኋላ ሌላ ተማሪ ይዟል። ሀሲባ አልጠበቀችም። የልጇን ትከሻ ማሰሪያ በግራ እጇ ጨበጠች፣ በቀኝ እጇ የራሷን ትርፍ መተንፈሻ አውጥታ አፏ ውስጥ ከተተችላት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቀስ፣ ቀስ እያለች በእጇ ምልክት እየሰጠች፣ እንደ ተቃቀፉ ወደ ብርሃኑ ወጡ።

ኡሙሃኒ ዳር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። "I'm done, ማም። ቤት እንሂድ።"

አሰልጣኙ ሀሲባ አጠገብ ቁጢጥ አለ። "ያሁኑ ሥራሽ ከፈተናው ይበልጣል። ግን ማስኩን አውልቀሽ ስታጠልቂ ሳላይ የፈተና ወረቀትሽን መፈረም አልችልም።"

ቤት መሄድ ይቻል ነበር። ማንም አይወቅሳትም፤ ነጅሙዲን እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሀሲባ ልጇን በፎጣ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፈተችላትና ተመልሳ ሲሊንደሩን ተሸከመች።

ሃያ ጫማ ላይ ተንበረከከች። በልቧ ቢስሚላህ አለችና ማስኩን አወለቀች። ጨለማና በረዶ የመሰለ ውሃ። ሳበች፣ በአፏ። አስወጣች። አሁንም ሳበች። ከዚያ ማስኩን አጥልቃ፣ ቀና ብላ በአፍንጫዋ ነፋች። ውሃው ጎደለ፣ ጎደለና አሰልጣኙ ታያት፤ ሁለት ጣቶቹን ክብ አድርጎ "ደህና ነሽ?" እያላት። እሷም ክብ ሠርታ መለሰችለት።

ስትወጣ ኡሙሃኒ የላስቲክ ልብሷን እንደ ለበሰች፣ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማለች። አዲስ መተንፈሻ ተሰጥቷታል።

"እኔም አንድ ፈተና ይቀረኛል" አለች። "ብቻዬን ግን አልገባም።"

ሀሲባ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነው። አሰልጣኙ፣ "አንቺ ጨርሰሻል፤ ይበቃሻል" አላት።

"ማን ብቻሽን አለሽ?" አለቻት ልጇን፣ እጇንም ዘረጋችላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሀሲባ እጅ መሪ መያዝ ስላቃተው የነዳችው ኡሙሃኒ ናት። ነጅሙዲን ደወለ።

"እህሳ፣ ተዋችሁት?"

"የኡሙሃኒን ፓስፖርት አውጣላት" አለችው ሀሲባ። "የእኔን ደግሞ ፈልግልኝ፤ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኛል።"

በስልኩ ውስጥ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማት።