የገብረየሱስ ምት

ገብረየሱስ የአሜሪካዊውን መንገድ ቀያሽ የጎልፍ ቦርሳ ተሸክሞ ራቤል ሜዳ ላይ ዓመት ከመንፈቅ ዞሯል። ደመወዙ አልቀረበትም፣ እሱስ አይካድም። ግን አንዲት ቀን እንኳ «እስቲ ሞክራት» ያለው የለም። አንዴ ደፍሮ ቢጠይቅ ሰውየው ሳቀና በአስተርጓሚው በአስፋው በኩል፣ «በእኛ አገር ጥቁር ይሸከማል እንጂ ከባለሙያዎቹ ጋር አይጫወትም። ደንብ ነው» አለው። ደንብ! የሰው አገር ደንብ ራቤል ድረስ ምን አመጣው?

በታኅሣሥ ፲፱፻፶፬ አስፋው ለቀያሹ ከመጣ ጋዜጣ ላይ አንድ ወሬ አነበበለት። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ከነጭ በቀር አላስገባም የሚለውን ደንቡን ሰርዟል።

«ሰርዟል? ታዲያ ይኼ ሰውዬ ምነው አፉን ዘጋ?» አለ ገብረየሱስ በንዴት።

እናቱ ወይዘሮ ገበያነሽ ግን ጨነቃቸው። «በሞቴ ልጄ፣ አርፈህ ተሸከም። ውርጭ እህሉን በፈጀበት ዓመት እንጀራችንን አትዝጋብን።»

የገና ዕለት አገሩ ጥንግ ሊመታ ሜዳው ላይ ወጣ። በዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን ቢዘልፍ አይቆጡትም። ቀያሹም ሊጫወት ብቅ ሲል ገብረየሱስ ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረው።

«ደንቡ ተሰርዟል ጌታው። ዛሬ እኔም እመታለሁ።»

አስፋው ተረጎመ። ቀያሹ ፊቱ ቀላ፤ ሕዝቡን አየና ብረቷን ዱላ ወረወረለት። «አንድ ጊዜ ብቻ። ኳስህ ከእኔዋ ካነሰች ሥራህን ትለቃለህ።» ከዚያ ከቦርሳው ሌላ ዱላ መዝዞ ራሱ ቀድሞ መታ። ኳሷ ለመግቢያዋ ቀዳዳ ምልክት ከተተከለችው ቀይ ጨርቅ ሃያ እርምጃ ያህል ቀርታ ጭቃ ውስጥ ገባች።

ተራው የገብረየሱስ ሆነ። ጥንግ እየሮጠ እንጂ እንዲህ ተገትሮ መትቶ አያውቅም። ቢጨንቀው ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ቀያሹ «አይሮጥም!» ብሎ ጮኸ። ወይ ፍንክች! ተንደርድሮ ጠለዛት። ኳሷ በሰው ራስ ላይ አልፋ ከጨርቋ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ አረፈች። እልልታው ቀለጠ!

ቀያሹ በአስፋው በኩል፣ «ጥሩ መታህ። በል አሁን ቦርሳውን አንሳ» አለ።

ገብረየሱስ በገነ፤ ግን ውርጭ የመታው ማሳ ትዝ አለውና እያመረረው ጎንበስ አለ። እጁ ማንገቻው ጋ ሳይደርስ ግን ምቱን ከሕዝቡ መሃል ሆነው ያዩት ወይዘሮ ገበያነሽ መጥተው ቦርሳው ላይ ቆሙበት።

«ተው!» አሉት። ወደ አስፋውም ዞረው፣ «በል ንገርልኝ ለዚህ ሰውዬ» አሉ። «እሱስ መሸከሚያ ጀርባ የለውም?»