ዜማ ያልዘለቀ ጎማ

ደምሌ ለሚኒባሱ አራት አዳዲስ ጎማዎች ባሰረበት ዕለት ከንፋስ መውጫ መናኸሪያ የወጣው ልቡ እንደ ተሰቀለ ነበር። ጎማዎቹ ርካሽ መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ተሳፋሪ ደግሞ እንደ በግ ነው፤ አንዱ ከበረገገ ሁሉም ይበረግጋል። ከፊት ወንበር የተቀመጡት የቤተ ልሔም ደብር የዜማ መምህር መሪጌታ ዘካርያስ ነበሩ። ከእርሳቸው አንዲት ክፉ ቃል ከወጣች ዳግመኛ ማንም እንደማይሳፈርለት ደምሌ አላጣውም።

አስፋልቱን እንደ ያዙ ጎማዎቹ ማዜም ጀመሩ። በመጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ እምም አሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁ ከወለሉ ተነሥቶ በወንበሩ በኩል ወደ ተሳፋሪው ጀርባ ወጣ። መሪውም በደምሌ መዳፍ ውስጥ ይንዘፈዘፍ ጀመር። መምህሩን በጎን ዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አያቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘንብለዋል።

«ቀስ በል» አሉት።

ፈርተዋል ብሎ አዘገመ።

«አሁንም ቀስ። እዚህ ላይ ዜማው ዕዝል ነው፤ አንተ ግን ሳታደርሰው ወደ አራራይ ትሰቅለዋለህ።»

ደምሌ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ስለዚህ ጉዳይ ያስተማረው አልነበረም። ቢሆንም እንደ ታዘዘ አደረገ። መኪናው ዕዝሉን ጠብቆ ሲያዘግም ጤፍ የጫኑ አህዮች ደረሱበት፤ ቀደሙትም። ከኋላ ዶሮዎቿን ታቅፋ የተቀመጠችው ነጋዴዋ ፋንቱ ገበያው ሊበተን ነው ብላ አጉረመረመች። መምህሩ ዜማ ከመካከል እንደማይቆረጥ አስረዷት።

«የኔታ፣ እኔ ዶሮ ልሸጥ እንጂ ማኅሌት ልቆም አልወጣሁም» አለች። «በዚህ አካሄድ ዶሮዎቹ እዚሁ ጫጩት ይፈለፍሉብኛል።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ መምህሩ አልሳቁም።

የቤተ ልሔም መገንጠያ ሲደርሱ ደምሌ ፍሬን ሊይዝ ቢል፣ ጎማው ገና አልፈጸመም ተባለ። መገንጠያውን አልፎ፣ ዞሮ ተመለሰ። ጠጠሩ ላይ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ መምህሩ የዜማውን ርክርክ አደነቁና ወረዱ። ደምሌም ፍርዱን ሳይሰማ ሊሄድ አልቻለምና ተከትሎ ወረደ።

መሪጌታ በየጎማው ፊት እየቆሙ በመቋሚያቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። ተሳፋሪው አንገቱን በመስኮት አስግጎ ይጠብቃል።

«ሦስቱ ደኅና ናቸው። ይኼ የኋላ ግራው ግን ይቸኩላል፤ ጓደኞቹ ሳይጨርሱ ይነሣል።»

«የኔታ፣ አዲስ እኮ ነው።»

«አዲስነቱማ ነው ጥፋቱ። አልተማረም።»

ከሁሉ ቀድማ የወረደችው ገበያ ያስቸኮላት ፋንቱ ነበረች። ባልተማረ ጎማ ላይ ነፍሷን እንደማትጥል ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ደምሌ ምርጫ አልነበረውም። ክሪኩን አውጥቶ መኪናውን አነሣና የሚቸኩለውን ጎማ ፈታ። በምትኩ ጥርሱ አልቆ የተላጨውን፣ ሽቦው በጎኑ ብቅ ብቅ ያለውን ስኮርታ አሰረ።

መምህሩ ስኮርታውን በመቋሚያቸው መቱት። ምንም አልመለሰም።

«ይኼስ አርምሞ የገባው ነው» አሉ።

ተሳፋሪው እፎይ ብሎ ተሳፈረ። መምህሩም አዲሱ ጎማ እስኪታረም ከእርሳቸው ዘንድ እንዲቆይ ወሰኑ፤ በመቋሚያቸው እየገፉ ወደ ቤተ ልሔም ይዘውት ወረዱ።

ደምሌ ወደ ገበያው የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምር ከኋላው ያለው ሁሉ፣ ፋንቱም ጭምር፣ ያለ ሥጋት አንቀላፍቶ ነበር። የነቃው እርሱ ብቻ ነው፤ ስኮርታው በየጠመዝማዛው ወደ ገደሉ በተንሸራተተ ቁጥር ተሳፋሪው እንዳይነቃበት ድምፁን ዋጥ አድርጎ ይጸልያል።