የአባዬ እጅ ያለበት ፎቶ

ያኔ ማክሰኞ ማክሰኞ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ድራማ ነበር። አንድ ጎሚስታ አለበት፤ መንገድ ላይ ምስማር በትኖ ደንበኛ የሚጠብቅ፣ እጁ የነካው ሁሉ የሚጠቁር። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። የኔ አባት ደግሞ ጎሚስታ ነው። ሃያ ዓመት ጎማ ሲለጥፍ አንዲት ምስማር አልበተነም፤ እንዲያውም ከመንገድ እየለቀመ በጣሳ ያጠራቅም ነበር። ግን ማን ሊሰማኝ? ክፍል ስገባ "ምስማር መጣች" ይሉኛል።

አባዬ ራሱ ድራማውን እያየ ከልቡ ይስቃል። "ይሄ ሰውዬ ክሪክ አያያዝ እንኳ አያውቅም" ይላል። እኔ እርር ድብን እላለሁ።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ከአባዬ ጋር ፎቶ ልንነሳ ፎቶ ቤት ተቀጣጠርን። ከሥራ በቀጥታ በቱታው መጣ። "በዚህማ አብሬህ አልነሳም" አልኩት። ፎቶ አንሺው ለሁሉም የሚያለብሳት አንዲት ኮት ነበረችው፤ ከኋላዋ ተተርትራ በመርፌ ቁልፍ የምትያያዝ፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ሹም የምታስመስል። አባዬ ያቺን ለበሰ። "እጅህንም ወደ ኋላ አድርገው፤ ያንን ሰውዬ እንዳትመስል" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እጁን ደበቀ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ በተነሳ ቁጥር፣ የሠርጌ ቀን ሳይቀር፣ ማንም ሳያዘው እጁን ወደ ኋላ ያደርግ ነበር። አምና ሲሞት አልበሙን አገላበጥኩት፤ አንድም ቦታ እጁ የለም። ያፈርኩበት እጅ አሁን ውል ይለኛል፤ የማጣበቂያው ሽታ፣ የተሰነጠቀው አውራ ጣቱ። ያን ቀን ራሴን በጥፊ ባልኩት ኖሮ።

ያ ፎቶ አንሺ ፎቶ ቤቱን ሊዘጋ ነው ሲባል ሮጥኩ። አርጅቷል። "ጋሼ፣ የጎሚስታው ልጅ ነኝ" አልኩት፤ አፌን ሞልቼ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። የአባዬ እጅ የሚታይበት ፎቶ ይኖረው እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ኮቷን ሳላለብሰው መብራት ለመሞከር አንዴ አንስቻችሁ ነበር" አለና ካርቶኑን ይፈትሽ ጀመር። ከሰዓት ሙሉ ፈለግን። ኋላ አንዱን ኔጋቲቭ ወደ መስኮቱ አንስቶ ሰጠኝ።

አባዬ በቱታው ሆኖ ይስቃል። ቀኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያሳርፍ ዘርግቷል፤ አምስቱም ጣቶቹ ይታያሉ። እኔ ሸሚዜ እንዳይቆሽሽ ትከሻዬን አሽሽቼ ፊቴን አጨፍግጌያለሁ።

"አንቺ አላማረብሽም የኔ ልጅ። ቆርጬሽ እሱን ብቻ ላትመው?"

"አይ ጋሼ፣ እንዳለ ይታተም። ስሸሸው እያየሁ ልኑር።"