የካዛርማን ዳገት

በእኛ ከተማ በኮካንድ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ባልም ሚስቱን እንደዚያው። የበኩር ልጅ እስኪወለድ «ስሚኝማ»፣ «ይስሙኝማ» እየተባባሉ ይቆያሉ፤ ልጅ ሲወለድ ሁለቱም በልጁ ስም መጠራራት ይጀምራሉ። እኛ ቤት ዳቭሮን ተወለደ። ስለዚህ ባሌ ለእኔ ዳቭሮን ሆኑ፣ እኔም ለእሳቸው ዳቭሮን ሆንኩ፣ ልጁም ዳቭሮን። አንዱ ሲጠራ ሦስታችንም «አቤት» እያልን ጎረቤት ሆዱን ይዞ ይስቅብን ነበር። ደስ የሚል ቤት ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ልጄን መኪና ገጭቶ ገደለብኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት እንጠራራ? ሽማግሌዬ፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ ስሙ ሲነሳ ቆባቸውን አንስተው ውልቅ ነው። ለቅሶ የመጣ ሰው ገና «ዳቭሮን እኮ» ማለት ሲጀምር የግቢው በር ሲዘጋ ይሰማል። እኔም ፈርቼ ስሙን መጥራት ተውኩ። «ሰውዬ»፣ «አንቺ ሴትዮ» እየተባባልን እንደ ገበያ ሰው መኖር ጀመርን። አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ይቀበራል እንዴ? የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጄን ስም ከአባቱ አፍ ዳግመኛ መስማት። ሳልሰማው እንዳልሞት እሰጋ ነበር።

ነገሩን የጀመረችው ሴቷ ልጄ ዱርዳና ናት። አንድ ቀን ሁለት ብስክሌት አስጭና መጣችና ግቢ ውስጥ ገተረችብን።

«ድሮ በሳይክል ተራራ እንወጣ ነበር ትሉ የለ? ውጡ እንግዲህ። እዚህ ተቀምጣችሁ ግድግዳ ስታዩ የማብደው እኔ ነኝ።»

«በዚህ ዕድሜ?» አሉ አባቷ።

«ፔዳሉን የሚመታው ዕድሜ ነው እንዴ? እግርዎ አለ አይደል?»

በምላሷ እኔን ነው የወጣችው። ሽማግሌዬ ጎማውን ጫን ጫን አድርገው አዩና «ነፋስ ያንሰዋል» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው።

እውነቷን ነው፣ በተጋባን ዓመት ወጥተን ነበር። ያኔ ድንበር የሚባል ነገር የለም፤ ከኮካንድ ተነስተን ከኪርጊዞች ተራራ ስንደርስ የት ትሄዳላችሁ ያለን ሰው አልነበረም። የእኔ ብስክሌት የወንድሜ ነበር፤ ረጅም ቀሚሴን ሱሪ ላይ ደርቤ ስወጣ አማቴ «ሙሽራ በሳይክል? ጉድ ፈላ» ብለው በራቸውን ዘጉ። ሽማግሌዬ ያኔ ጎረምሳ ናቸው፤ ከፊት ከፊት እየሄዱ ይዘፍናሉ። ድምፃቸው አህያ ያስደነብራል፤ እኔ ግን ያን ድምፅ እየተከተልኩ ዳገቱ አልታወቀኝም። አርስላንቦብ የሚባል ቦታ፣ የዋልነት ዛፍ ጫካ ውስጥ አደርን። እርጥቡን ዋልነት ስንፈለፍል እጃችን በልጣጩ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ቤት ከተመለስን በኋላም አልለቀቀንም፤ አማቴም እሱን እያዩ ይስቁ ነበር። ዳቭሮንን እዚያ ያረገዝኩት ይመስለኛል። ይህን ስናገር ሽማግሌዬ ያፍራሉ።

አሁን ግን ያው ተራራ ውጭ አገር ሆኗል። ድንበር ላይ ፓስፖርታችንን የተቀበለው ወታደር አንዴ እኛን አንዴ ብስክሌቱን እያየ «እናቴ፣ ምን ልታደርጉ ነው የምትሄዱት?» አለኝ። «ልንሽራሸር» አልኩት። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። አላህ ይስጣቸው፣ ተሳስቀው አሳለፉን።

ከጃላል አባድ ከተማ በኋላ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አቧራና ድንጋይ ነው። ግማሹን ነዳን፣ ግማሹን ገፋን። ማታ በእረኞች ድንኳን እያደርን የፈረስ ወተት ጠጣን። ሽማግሌዬ ወደዱት፤ እኔ ፊቴን አጨማድጄ ዋጥኩት። ቀን ቀን እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መዝፈን ግን የለም። ጀርባቸውን እያየሁ «አብሮ መሄዱ በስም ብቻ ነው» እላለሁ በሆዴ። ሲደክመኝ «ሰውዬ፣ ይቁሙ» እላለሁ፣ ይቆማሉ፤ ደረቅ አፕሪኮት ያቀብሉኛል፣ እንቀጥላለን። ከቤት ያመለጥን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዝምታውን እንደ ሻንጣ ከኋላ ጭነነው ኖሯል።

ወደ ካዛርማን የሚያሻግረውን ዳገት እኩለ ቀን ላይ ጨረስነው። ቁልቁለቱን ጀመርን። ሽማግሌዬ ፍሬን የሚሉትን ነገር እንደ ስድብ ነው የሚቆጥሩት፤ ወዲያው ከዓይኔ ጠፉ። የእኔን ጎማ ድንጋይ ወጋውና ተነፈሰ። መንፊያው ያለው እሳቸው ጋ ነው። ቆሜ ሳወጣ ሳወርድ ጉም ከሸለቆው ተነስቶ መጣና መንገዱን ዋጠው። እጄን ብዘረጋ ጣቴ አይታየኝም።

«ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ። ደግሜ ጮህኩ።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ኪርጊዝ በፈረስ ብቅ አለ። «አቤት፣ እህቴ።»

«አንተን አይደለም። የኔን ሰውዬ ነው።»

«እሱም ሰውዬ፣ እኔም ሰውዬ። ስሙን ንገሪኝና በእኔ ጉሮሮ ልጥራልሽ።»

የሻሼን ጫፍ አፌ ላይ ሳብኩ። ገብቶት ሳቀ። «ሚስቴም እንዳንቺ ናት። እኔን ወንዝ ቢወስደኝ ‹ያ በግ ጠባቂ የት ሄደ› እያለች ነው የምትፈልገኝ።» ወዲያው ሳቁን ተወው። «ግን እህቴ፣ ታች ያለውን መንገድ ጎርፍ ቦርቡሮታል። ገደል ነው። እኔ በላይ በአቋራጩ ልይልሽ፤ አንቺ ከመንገዱ ሳትወጪ እየጠራሽ ውረጂ። የሚያውቀውን ስም ጥሪ።»

ብስክሌቴን እየገፋሁ ወረድኩ። ስማቸውን ልጥራ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ እምቢ አለኝ። ቢወጣልኝስ? እናታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ስም የጠራቸው ሰው የለም፤ ሌላ ሰው ነው የተፈለገው ብለው ዝም ይላሉ። ስማቸውን ለእናንተም አልነግራችሁም። አንዱን ቀብሬ ሌላውን ገደል ልስጥ? ያን ጊዜ ሳላስበው ከሆዴ ወጣ።

«ዳቭሮን!»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ቆባቸውን አንስተው ሲወጡ ታየኝ። እዚህ ደግሞ የሚወጡበት በር የለም፤ ያለው ገደሉ ብቻ ነው። ፈራሁ፤ ግን ከዝምታው ይሻላል ብዬ ደግሜ ጠራሁ። «ዳቭሮን! ኧረ ዳቭሮን!»

ምንም። ብስክሌቴን እየገፋሁ ጥቂት ወረድኩ።

ከዚያ ከታች፣ ከጉሙ ሥር፣ ያ አህያ የሚያስደነብረው ድምፅ መጣ።

«ዳቭሮን!» አሉ። «አለሁ፣ ዳቭሮን! ወዲህ ነኝ!»

እየጠሩኝ፣ እየጠራኋቸው ወረድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ በልባችን ዘግተንበት የኖርነው ስም ተራራው ላይ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ እንባዬ መንገዱን ከለከለኝ። ሽማግሌዬ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ወድቀው ጉልበታቸው ተልጧል፤ ብስክሌቱ ጎማውን ወደ ገደሉ አንጠልጥሎ ቀርቷል። ቆባቸው የለም፤ ነፋስ ወስዶታል።

«መጣሁ እኮ» አልኳቸው። «አጠገብዎ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። እጄን ያዙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አዞሩና እንደገና ጠሩ።

«ዳቭሮን» አሉ። «ልጄ፣ ዳቭሮን።»

እኔን አልነበረም። አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና አብሬያቸው ጠራሁ። ተራ በተራ፣ አንዳንዴም እኩል። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያ ስም ቀኑን ሙሉ ይጠራል፤ ያን ቀን ግን ገና መጀመራችን ነበር፤ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጠራን።

ከላይ ያ ባለፈረስ «እህቴ፣ ተገኘ ወይ?» ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጃችን አልተገኘም ማለታቸው ነው። እኔ ግን ወደ ላይ ቀና ብዬ «ተገኘ!» ብዬ መለስኩለት።