አንድ ጣት ለስፌት

መስመር ይሰረቃል ቢሏት ቆራጯ ራሷ በሳቀች ነበር። ጨርቅ ይሰረቃል፣ መቀስ ይሰረቃል፤ በጠመኔ የተሰመረ መስመር ግን ማን ምን ሊያደርግበት? ይሁንና ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከምሳ በፊት ያሰመረችውን መስመር ከምሳ ስትመለስ ቦታውን ለቆ ታገኘዋለች። ብዙ ርቆ አይደለም። አንድ ጣት፣ አንዳንዴም ሁለት ጣት፣ ሁልጊዜ ወደ ውጭ።

በልብስ ስፌት ቤት ሁለት ጣት ቀልድ አይደለም። የልብሱ ፊት በሁለት ጣት ከሰፋ፣ ከጎኑ የሚሰመረው እጅጌ ቦታ ያጣል። ባለፈው ሳምንት ለስድስት ሸሚዝ እጅጌ የሚሆን ጨርቅ ጎደለ። የቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ የሚላቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከተደገመ መቀሱን ታስረክቢኛለሽ። ወደ ቁልፍ ተከላ ትመለሻለሽ» አሏት። ቁልፍ መትከል ነውር ሆኖ አይደለም፤ ታናሽ እህቷ እዚያው ቤት ቁልፍ ትተክላለች። ግን እሷ ከቁልፍ ወደ መቀስ ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል። ዛሬ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ለሆቴል በረኞች ኮት የታዘዘ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ነው። አስራ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ በአንድ መስመር የሚቆረጥ፣ ትርፍ የሌለው፣ ቢበላሽ የማይተካ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷም ላለመመንጠር ያልጠረጠረችው ሰው አልቀረም። መጀመሪያ ጽዳት ሠራተኛዋን ጠረጠረች። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንዲሉ፣ አንድ ቀን የገዛ እህቷን ሳይቀር ጠርጥራ ቦርሳዋን ፈትሻለች። በመጨረሻ ጥርጣሬዋ ሁሉ ተጠራቅሞ ካውያ ተኳሹ ላይ ወደቀ። ሲተኩስ ፊቱ በእንፋሎት ስለሚሸፈን ጋሽ እንፋሎት የሚሉት ሽማግሌ ነው። ካውያውን ትቶ አይወጣም፣ ምሳውን እዚያው ከጠረጴዛዋ አጠገብ ይበላል። መቁረጥ የተማረ፣ ሥራ አጥቶ ቤት የተቀመጠ የወንድም ልጅም አለው። ይሄ ሁሉ ሳይበቃ፣ ስትሠራ እጇን እጇን እያየ አንገቱን ይደፋል። ንጹሕ ሰው አንገቱን ምን አስደፋው?

እውነቱን ለመናገር፣ ቆራጯ ብቻዋን ቆርጣ አታውቅም። አሳድጋ ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ድምጿ ግን አልተቀበረም። መቀስ ባነሳች ቁጥር ከውስጧ፣ «እርግጠኛ ነሽ? ስፌቱን ጨምረሻል? ያንቺ ነገር!» ይላታል። የቆራጭ ደንቡ ቀላል ነው። በትእዛዙ ወረቀት ላይ የሰውነቱ ልክ ይጻፋል፤ ጨርቁ ላይ ሲሰመር ለስፌት የሚገባ አንድ ጣት ይጨመርበታል። ሁለት መስመር የመቁረጫ ማሽኑን ቢላ እንዳያሳስት ደግሞ አሮጌው በብሩሽ ይጠፋል። እሷ ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ድምጹ ግን አያምናትም፤ እሷም ድምጹን ለማሳመን አስር ጊዜ ትመላለሳለች። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቿ ስም አውጥተውላታል፤ «እስቲ ልየው» ይሏታል።

ያን ዕለት ጠዋት እትዬ ዘንድ ገባች።

«መስመሬን የሚያንቀሳቅስብኝ ሰው አለ።»

«ማን ነው?»

«ጋሽ እንፋሎት ናቸው።»

«እጅ ከፍንጅ ያዢልኝና ዛሬውኑ ይወጣል። ካልያዝሽው ግን ሌላ ሰበብ አልሰማም።»

ወጥመዷን አስቀድማ አዘጋጅታለች። በስፌት ቤቱ ያለው ጠመኔ ሁሉ ነጭ ነው፤ እሷ ማንም ሳያያት ቀይ ገዝታለች። በቀይ አሰመረች፣ ጠመኔውን በመሐረብ ቋጥራ ኪሷ ከተተች። ሌባው መስመሩን ከነካ በነጭ ማስመሩ አይቀርም፤ ያኔ ጉዱ ይፈላል። ጋሽ እንፋሎት ዳቦውን ሲፈታ በዓይኗ ጥግ እያየችው ወጣች። ከበሩ ተመለሰች፣ አየችው፣ ወጣች። ከደረጃው ተመለሰች፣ አየችው፣ ወጣች።

ምሳ ላይ እህቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የመጨረሻውን ቁልፍ በደንብ ያሰርኩት አልመሰለኝም። ሄጄ ልየው?»

«ስንቴ አሰርሽው?»

«ሦስቴ።»

«ታዲያ ምን ቀረው፣ በሰንሰለት ይታሰር? አስረሽዋል የኔ እህት። ብዪ» አለቻት፣ እየሳቀች።

ሲመለሱ ቆራጯ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደችና ሜትሩን ዘረጋች። መስመሩ መጀመሪያ ካሰመረችበት ሁለት ጣት ሰፍቷል። ቀለሙ ግን ቀይ ነው።

ኪሷን ዳበሰች። መሐረቡ እንደተቋጠረ ነው። ቀይ ጠመኔ በዚህ ቤት ከእሷ በቀር ያለው የለም። ታዲያ ሽማግሌው ኪሷ ውስጥ ገባ? ይህን እያሰበች እጇን ከኪሷ ስታወጣ የግራ እጇን ሌባ ጣት አየች። ከጫፉ እስከ ሥሩ ጎኑ ቀልቷል። አክስቷ ባስተማረቻት መንገድ፣ አንድ ጣት ሲጨመር ጨርቁ ላይ የሚጋደመው ያ ጣት ነው።

ከበሩ ስትመለስ አንድ ጣት፣ ከደረጃው ስትመለስ አንድ ጣት። ድምጹ «ጨምረሻል?» ሲላት፣ ራሷ ከድምጹ ጋር ስትሟገት፣ እጇ መሐረቡን እየፈታ፣ እየጨመረላት፣ መልሶ እየቋጠረ ኖሯል።

«እህስ?» አሉ እትዬ ከኋላዋ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «ያዝሽው?»

ጋሽ እንፋሎት ካውያውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ አንገቱን ደፋ። ቆራጯ እጇ ወደ ሽርጧ ሲሄድ ተሰማት። አንዴ ብትጠርገው አለቀ፤ ማን ያውቃል? ሽማግሌው ይወጣል፣ መቀሱ እሷ ዘንድ ይቀራል። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ይዣለሁ እትዬ። ሌባዋ እኔ ነኝ።»

ነገሩን ከነውርደቱ ተናግራ ስትጨርስ ወደ ጋሽ እንፋሎት ዞረች።

«ይቅር ይበሉኝ። ግን... ያዩኝ ነበር አይደል?»

«በየቀኑ ነዋ! ከበር ትመለሻለሽ፣ ጣትሽን ታጋድሚያለሽ፣ ታሰምሪያለሽ፣ ትቦርሺያለሽ። መጀመሪያ የሙያ ምስጢር መስሎኝ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ቢነግሩኝ?»

«የወንድሜ ልጅ ቆራጭ ነው ልጄ፣ ሥራ ፈላጊ። ተሳስተሻል ብልሽ ምን ልትዪኝ ነበር?»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይቺው ናት።

እትዬ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ጨርቁ ገና አልተቆረጠም» አሉ። «እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።»

ቀዩን መስመር ሙልጭ አድርጋ ቦረሸች። ልኩን ከወረቀቱ ወሰደች፤ ጣቷን አጋደመችና ቤቱ እስኪሰማ፣ «ስፌት ተጨመረ!» ብላ ጮኸች። ቁልፍ ተካዮቹ ሳቁ። ይሳቁ። አሰመረች፣ መቁረጫ ማሽኑን አስነሳች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ድምጹ።

እንዳልሰማ ልትሆን አሰበች፤ አራት ዓመት እንዳልሰማ ስትሆን ግን ምን ተረፋት? ዛሬ ምሳ ላይ ለእህቷ በተናገረችበት አንደበት መለሰችለት። አስረሽዋል የኔ እህት። ጨምረሻል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ድምጹ ግን ያንቺ ነገር ማለቱን አልተወም። እሷም ዝግ ብላ፣ «እርግጠኛ አይደለሁም አክስቴ» አለችው። «ግን አንድ ጊዜ ጨምሬያለሁ።» ማሽኑን ገፋች።

ፊቱ ወጣ፣ ጀርባው ወጣ። እጅጌውም ወጣ። የጨርቁ ጫፍና የእጅጌው ጫፍ እኩል አለቁ። የተረፈው ብጣሽ ለኪስ እንኳ የሚሆን አልነበረም። እትዬ መቀሱን ሳይጠይቁ ወደ ቢሯቸው ገቡ።

የመጀመሪያውን የኮት ፊት አንስታ ጋሽ እንፋሎት ፊት አስቀመጠችው።

«ሳታዪው?» አላት እየሳቀ።

እጇ ወደ ሜትሩ ሄደ። ከመንገድ መለሰችው።

«አላየውም» አለች። «እርስዎ ይዩልኝ።»